ጫጩት የቆጠረ አሞራ ይቆጥራል

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው ጥንቁቅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ አራት ሰዓት የሥራ መግቢያዬ ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት የሚከፈተው ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር ነው። በርም ጥበቃም የለውም። ሰማይ ነው።

ሥራዬ አሞራ መቁጠር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሩቅ ሰሜን ብርድ የሸሹ ንስሮችና ጭልፊቶች በቡታጅራ ላይ አልፈው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በቡኢ በኩል ይመጣሉ፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ የሚነሣውን ሙቅ አየር እንደ ሊፍት ተሳፍረው እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፣ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያራግቡት ይንሸራተታሉ። ስንት እንደሚያልፉ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እንዲያውቅ የተቀጠረው ሰው እኔ ሆንኩ። ባዮሎጂ ተምሬ፣ ከዚያም ሥራ ፍለጋ ጫማ ጨርሼ ያገኘሁት ይኼንን ነው። ወልቂጤ ያለችው እናቴ፣ ጎረቤት "ልጅሽ ምን ሥራ ያዘች?" ብሎ ሲጠይቃት "መስክ ላይ ናት" ብላ ታልፋለች። ለብቻችን ስንሆን ግን "ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ደመወዝ አለኝ በሰማይ ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ" ትለኛለች።

ለእኔ ግን ከዚህ የተሻለ ሥራ አልነበረም። ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋር ስል ሰው ፊት ስቀርብ ትንሽ ቀላ እላለሁ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ከወልቂጤ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ "ወራጅ አለ" ማለት ስላፈርኩ መውረጃዬን አልፌ አገና ድረስ ሄጃለሁ። አገና ስደርስ ደግሞ ረዳቱ "እዚህ ምን ልታደርግ መጣች?" እንዳይለኝ ብዬ ገበያ ገብቼ ጎመን ገዛሁ። ጎመኑን ታቅፌ በዚያው ሚኒባስ ስመለስ ረዳቱ "ለጎመን ነው እንዴ የመጣሽው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። እንግዲህ እንዲህ ላለች ሴት፣ ዝም ብሎ ወደ ላይ መመልከት ሥራ ነው ተብሎ ደመወዝ ሲከፈላት ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ሥራው አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ የሙከራ ነው። አስተባባሪያችን አቶ ምንውየለት የሚባሉ፣ ከአዲስ አበባ የሚደውሉ፣ ስልክ ሲያወሩ እንኳ ነጥብና ነጠላ ሰረዛቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ቅዳሜ መጥተው አብረውኝ ሊቆጥሩ ነበር። ቁጥራችን ከተቀራረበ የቡታጅራው መቁጠሪያ ቦታ ይቀጥላል፣ እኔም እቀጥላለሁ። ካልተቀራረበ ቦታው ይዘጋል፤ እኔም ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እናቴ ተረት እመለሳለሁ። መጀመሪያ የቀጠሩኝ ቀን ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ነበር፦

"መቶ በይ፣ ሺህ በይ፣ ዜሮም በይ። ‘ብዙ’ ግን እንዳትዪኝ። ብዙ የሚባል ቁጥር የለም።"

ይህን ያዙልኝ።

የምቆጥረው ከተማው ዳር፣ ከተከራየሁበት ግቢ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ነው። ግቢው የእትዬ ራውዳ ነው። እትዬ ራውዳ ደግ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከእንሰቱ ጓሮ እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ወጥተዋል። ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ቤቱን የተከራየሁ ሰሞን ጠይቄያቸው "አላህ የሰጠኝን ያህል" ብለውኛል። በዚያን ጊዜ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ዩኒቨርሲቲ የማያስተምረው ነገር አለ።

እንግዲህ ማክሰኞ አራት ሰዓት። እትዬ ራውዳ ለዶሮአቸው ጥሬ ይበትናሉ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ትለቅማለች። እነዚህ ጫጩቶች እንዲሁ ጫጩቶች አይደሉም፤ መጋቢት ላይ ለምትወልደው ትንሿ ልጃቸው ለዘሃራ ለአራስ ቤቷ የታሰቡ ናቸው። እትዬ ራውዳ ጠዋት ይፈቷቸዋል፣ ማታ ይከቷቸዋል፣ በመሐሉ ያወሯቸዋል። እኔ ሩቅ ማያ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ሜዳው ሳልፍ አንድ የማያውቀኝ ድፍረት መጣብኝ። "ሁልጊዜ አንገቴን ደፍቼ ከማልፍ ዛሬ እንኳ አንድ ደግ ነገር ተናግሬ ልለፍ" አልኩ። ማሰብ ነበረብኝ። ዝምተኛ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ሲናገር፣ የዓመቱን ስህተት በአንድ ጊዜ ነው የሚያወጣው።

"እትዬ ራውዳ፣ አሥራ አንዱም እንዴት አማረባቸው!" አልኩ።

የእትዬ ራውዳ እጅ ጥሬውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

"ጫጩቶቹ... አሥራ አንድ ናቸው አይደል?"

"ያ አላህ! ደገመችው!"

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም። ከብት አይቆጠርም፣ ልጅ አይቆጠርም፣ ንብም አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። "ስንት ናቸው?" ያለህን ሰው "ብዙ ናቸው" ብለህ ትሸኘዋለህ፤ ያየ ሰው ደግሞ "ማሻአላህ" ብሎ ያልፋል። የእኔም እናት ብትሆን ጊደሮቿን ስትጠራ በስማቸው እንጂ በቁጥራቸው አይደለም። እኔም ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን ስቆጥር ውዬ ስቆጥር ስለማድር፣ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ከንፈሬ ይቆጥራል። የታክሲ ወንበር፣ የመስጊድ ደረጃ፣ የሰው ሸሚዝ ቁልፍ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

"ማሻአላህ" ልል አፌን ከፈትኩ። ሳልጨርሰው ጥላ በሣሩ ላይ አለፈ፣ ዶሮዋ ጮኸች፣ አንድ ጭልፊት ከእንሰቱ መሐል ሹልክ ብሎ ወጥቶ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ። በእግሩ ቢጫ ነገር ይዟል።

በመላው ቡታጅራ አሞራ እንዲያይ የተቀጠረ ሰው አንድ ነው፤ እሱም አሞራው አጠገቡ ሲያልፍ ጫማውን እያየ ነበር።

እትዬ ራውዳ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ባዶውን ሣር አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። በምሳ ሰዓት ቆጮዬን እንደ ወትሮው ላኩልኝ፤ ግን "ብዪ፣ ከሲታ!" የሚለው ስድብ አብሮት አልመጣም። ቆጮ ያለ ስድብ ሲመጣ ጉሮሮ ላይ እንደሚቆም ያን ቀን አወቅኩ።

ረቡዕ አንድ ጫጩት ሄደ። ሐሙስም ሌላ ሄደ። የቀሩትን ላለማየት ከክፍሌ ወደ ሜዳው የምሄደው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ይህም አልጠቀመም፤ "አይታችኋል? ከጫጩቶቹ ፊቷን ሸሸገች፤ ታውቃለቻ!" ተባለ።

መቼም ወሬ ክንፍ አለው፤ ያውም ፍልሰት ላይ ካለ ንስር ይፈጥናል። ሐሙስ ጠዋት ጀማልን አገኘሁት። ጀማል አስፋልቱ ዳር የሚቆም የባጃጅ ሹፌር ነው፤ አንዳንድ ቀን በነፃ ያደርሰኛል፣ እኔ ደግሞ በዝምታዬ አልከራከረውም።

"አቦ እህቴ፣ እውነት ነው ግን?" አለኝ።

"ምኑ?"

"የቆጠርሽው ነገር ይጠፋል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ማን ያላለ አለ? ስሚኝማ፣ እዚህ ተራ ላይ ባጃጅ በዝቷል። እኔን ትተሽ ሌሎቹን ቆጠር ቆጠር ብታደርጊልኝ..."

ቀልድ መሰለኝ። ነገር ግን በርበሬ ተራ ስደርስ ነጋዴው ሲያየኝ ተነሥቶ ጆንያዎቹ ላይ ሸራ ጣለ። በርበሬ ነፍስ የለውም፤ ሰውዬው ግን ለጥንቃቄ ነው። ቦኖው ጋ ውኃ የምትቀዳ አንዲት እናት ልጆቿን አንድ በአንድ ከቀሚሷ ኋላ ደረደረቻቸው። ከኋላዋ የሚወጡትን እግሮች ላለመቁጠር ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜ ስራመድ ከጄሪካን ጋር ተላተምኩ። ጄሪካኖቹ ስድስት ነበሩ። ይቅር በሉኝ፣ አልቻልኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ራውዳ ወደ ደጄ መጡና በሩን ይዘው ቆሙ።

"ልጄ፣ እኔ ክፉ ነገር ተናግሬሽ አላውቅም።"

"አያውቁም፣ እትዬ።"

"ዘመድ ሊመጣብኝ ነው መሰለኝ። ክፍሉን ሳልፈልገው አልቀርም።"

እትዬ ራውዳ ክፍሉን ሊያስለቅቁኝ ሲያፍሩ እኔ ደግሞ ለመለመን አፈርኩ። በመጨረሻ ሌላ መንገድ ያገኙት እሳቸው ናቸው። "ለማንኛውም ሐጂ ሸምሱ ይስሙን" አሉ።

ሐጂ ሸምሱ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የጠፋ በግ፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ይወድቃል። በአጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን ከእትዬ ራውዳ ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጫጩቱን ቆጥረሻል?"

"ቆጥሬያለሁ።"

"በአፍሽ?"

"በአፌ።"

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

ለጫማዬ "አሞራ መቁጠር" አልኩት።

ሐጂ ሸምሱ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ ደግሞ ሻንጣዬን በሐሳቤ መሸከፍ ጀመርኩ።

"አሞራውንስ በአፍሽ ነው የምትቆጥሪው?"

"አይ... በሆዴ ነው።"

"ኤዲያ!" አሉ ሐጂ ሸምሱ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው። "የድኻ ጫጩት በአፍ፣ አሞራ በሆድ? ፍርድ ነው ይኼ? ጫጩቱ ሲቆጠር ከጎደለ አሞራውም ይቆጠርና ይጉደል! ጮክ ብላ ትቁጠር፤ ሰው ይስማ፣ አሞራውም ይስማ!"

የእትዬ ራውዳ ፊት ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። "ቅዳሜ ይሁን!" አሉ። "ቅዳሜ ሴቶቹ ሁሉ ቤት ናቸው።"

ቅዳሜ። አቶ ምንውየለት የሚመጡበት ቅዳሜ። ንስርና ጭልፊት ይለያያሉ፣ አላፊዎቹ ንስሮች ጫጩት ለመንጠቅ አይወርዱም፣ ሌባው እዚሁ የሚያድር ጭልፊት ነው ብዬ ላስረዳ ፈልጌ ነበር። ሳይንሱ በአፌ ጫፍ ላይ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "እሺ" ነው። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ንግግሮች ሁሉ አብዛኞቹ "እሺ" ናቸው።

ዓርብ ሰማዩ ደመና ስለነበር አሞራ አልነበረም። እኔ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ መጮህ ተለማመድኩ። "አንድ" እላለሁ፤ ድምፄ ሁለተኛው እንሰት ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ጀማል በአጥሩ ሰማኝ።

"ምን እየሆንሽ ነው? አሞሻል?"

ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀና ሊያስተምረኝ አጥሩን ተሻግሮ ገባ። ጀማል ባጃጅ ከመያዙ በፊት መናኸሪያ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር።

"ከጉሮሮ አይደለም፣ ከዚህ ነው" ብሎ ሆዱን መታ። "በይ ተከተዪኝ። ወልቂጤ! ወልቂጤ! የቀረ አንድ ሰው!"

"ወልቂጤ" አልኩ።

"በዚህ ድምፅ ወልቂጤ የሚሄድ የለም። ለቀብር ነው እንዴ የምትጠሪው?"

"ወልቂጤ!"

"አቦ ይመችሽ! አሁን አንድ ሰው ተሳፈረልሽ።"

እስከ ማታ ድረስ አንድ ሚኒባስ ሞልቼ ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ሴቶቹ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ቆጮ፣ አይብ፣ የጎመን ድስት ይዘው መጡ። ጀማል ደንበኛ እንዳያመልጠው ባጃጁን ጭምር ይዞ መጣ። ከዚያ አቶ ምንውየለት ኪሱ የማያልቅ ሰደርያ ለብሰው፣ መነጽራቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ከመኪና ወረዱ።

"ይኼ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?"

"ጎረቤቶች ናቸው።"

"ሠርግ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

ዋሽቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፈርኩ። "ቆጠራውን... ሊደግፉ ነው" አልኩ። በኋላ ሳስበው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

አቶ ምንውየለት ተደሰቱ። "የኅብረተሰብ ተሳትፎ!" አሉ፤ ከኪሳቸው ከአንዱ ብዕር አወጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ። ሳንነጋገር እንቆጥራለን። ጸጥታ ዋናው ነው" አሉኝ። እትዬ ራውዳ ወዲያው ወንበር አመጡላቸው። ያቺን ወንበር ሲቀበሉ፣ አቶ ምንውየለት ምን እንደፈረሙ አላወቁም። በእኛ ሰፈር ወንበር የተሰጠው እንግዳ ሳይበላ አይነሣም።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከቡኢ በኩል አንድ ነጥብ ታየች። መነጽሬን አነሣሁ። ንስር። ከኋላው ሌላ። ከኋላው ሌላ። ከዘቢዳር ፊት ለፊት መሽከርከር ጀመሩ፤ ከሥር እየተጨመሩ፣ ከላይ እየለቀቁ። ትክክለኛው አቆጣጠር ከላይ ሲለቁ አንድ በአንድ መያዝ ነው።

"አንድ" አልኩ።

"አልተሰማም!" አሉ ከኋላ ያሉት ሴቶች።

አቶ ምንውየለት ዞረው ተመለከቱኝ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ጫማዬን ለማየት ፈለግሁ፤ ጫማዬን ካየሁ ግን አሞራው ያልፈኛል። ዓይን አፋር ሰው ጫማውንም ሰማዩንም በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ሰማዩን መረጥኩ። ሆዴን እንደ ጀማል ያዝኩና፦

"አንድ!"

"ይሂድ!" አለ ሜዳው በአንድ ድምፅ።

ደነገጥኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

"ሁለት!"

"ይሂድ!"

"ሦስት!"

"ይሂድ!"

አቶ ምንውየለት "እባካችሁ፣ ጸጥ..." ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ራውዳ ቆጮና አይብ ጠቅልለው አጎረሷቸው። ጉርሻ አንድ አይሆንም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሁለተኛውን የጎረቤት ሴት ጨመረች። ሦስተኛዋ ቅር እንዳይላት እሷም ጨመረች። እሳቸው በጉንጫቸው እያላመጡ በመነጽራቸው ሰማይ ለማየት ይሞክሩ ነበር፤ ግን ሰው ሲጎርስ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ እንዲቆይ ተፈጥሮም አይፈቅድለትም።

እኔ መቁጠሬን ቀጠልኩ። ሃምሳ። ይሂድ! መቶ። ይሂድ! መቶ ሰማንያ። ይሂድ! ሴቶቹ ራሳቸው እንዳይቆጥሩ ይጠነቀቁ ነበርና በጣት አያመለክቱም፤ በአገጫቸው "ያውልሽ፣ ያኛው ቀረሽ!" ይሉኛል። አንድም አላመለጠኝም። እውነቱን ለመናገር ብቻዬን ስቆጥር እንደዚያ አጥርቼ ቆጥሬ አላውቅም። ስጮህ የሚሰማኝን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወራጅ አለ ያልኩ ያህል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መውረጃዬ ላይ የወረድኩ ያህል።

ሦስት መቶ አለፍኩ። ሽክርክሪቱ ሰፋ፣ ከላይ የሚለቁት እንደ ክር ተመዘዙ። ሦስት መቶ አሥር። ይሂድ! ሦስት መቶ አሥራ አንድ። ይሂድ! ሦስት መቶ አሥራ ሁለት...

"አሰላሙ አለይኩም!"

ሐጂ ሸምሱ ዘግይተው መድረሳቸው ነው።

ሜዳው በሙሉ ተነሣ። ሽማግሌ ሰላም ሲል አሞራ ቢመጣ፣ ጎርፍ ቢመጣ ይጠብቃል። "ወአለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ!" አሉ ሁሉም። እኔም ዞሬ ጎንበስ አልኩ፤ ሳላጎነብስ ብቀር እናቴ ወልቂጤ ሆና ይታወቃት ነበር።

"ደህና ናችሁ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና?"

"አልሐምዱሊላህ! እርስዎስ? ወገብዎ እንዴት ሆነ?"

"አልሐምዱሊላህ። በሬውስ ተሻለው? ዝናቡስ እናንተ ጋ እንዴት ነው?"

ከአሥር እርምጃ የማይርቅ ጎረቤታቸውን ነው "እናንተ ጋ" የሚሉት። ሰላምታው ሲያልቅ፣ "በሉ ተቀመጡ፣ ለእኔ ብላችሁ ነው" "ኧረ በነቢ፣ እርስዎ ይቀመጡ" መጣ። እሱም አለቀ። ከዚያ ሐጂ ሸምሱ ወደ እኔ ዞረው፣ በደስታ፦

"እህ! ቀጥዪ እንጂ!"

ወደ ላይ አየሁ። ንስሮቹ አሁንም እየለቀቁ ነው። አፌን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ሦስት መቶ ምን? ሁለት መቶ ሆኖ የሚመጣብኝ አለ፣ አራት መቶ ሆኖ የሚመጣብኝ አለ። የወገብ ሕመም፣ የበሬ ጤና፣ ዝናብ፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ የለም። አቶ ምንውየለት ማላመጥ አቆሙ። ክፍሌ፣ ሥራዬ፣ የዘሃራ አራስ ቤት፣ ሁሉም ሲንሸራተት ታየኝ።

በዚህ ጊዜ አንድ ወፍራም ክንድ ትከሻዬን ያዘ፤ የጎመን ሽታ ያለው ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት" አሉኝ እትዬ ራውዳ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው "አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ" አሉ።

ልጆቻቸውን እንኳ ቆጥረው የማያውቁት ሴትዮ።

ላመሰግናቸው ጊዜ አልነበረኝም። "ሦስት መቶ አሥራ ሦስት!" አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

"ይሂድ!" አሉ፤ ሐጂ ሸምሱም ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው።

ስንት ላይ እንደጨረስኩ እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ጎረቤቶቼም ያነቡታል፣ እኔም ተምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ ወደ ደቡብ ሲጠፉ ሰማዩ እንደታጠበ ሣህን ባዶ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ። "ጨረሰቻቸው!" ይላሉ። አሞራዎቹ አላለቁም፤ ሄዱ ብቻ ነው፣ እኔ ብጮህም ባልጮህም ይሄዱ ነበር። ይህን ልነግራቸው አሰብኩ። እልልታ ላይ ሳይንስ ይዞ መግባት ግን የጎረቤት ሥራ አይደለም። አንዲት ሴት ወዲያው ክንዴን ይዛ "እህቴ፣ እኔ ጋ ደግሞ እንሰቴን የጨረሰ ጃርት አለ" ስትለኝ ግን ምነው በነገርኳቸው ኖሮ አልኩ።

አቶ ምንውየለት ከወንበራቸው በጭንቅ ተነሡ። ቁጥሬን ነገርኳቸው። የእሳቸውን ጠየቅኩ።

"ሃያ ስድስት" አሉ። "ከዚያ ሁለተኛው ጉርሻ መጣ።"

ሃያ ስድስትና የእኔ ቁጥር አይቀራረቡም። ሊዘጉት ነው አልኩ በልቤ። ደግሞ ጥንቁቅ ነኝና፣ መደበቅ ስላልቻልኩ የባሰውን ጨመርኩበት፦

"በሰላምታው ጊዜ ያለፉ አሉ። እነሱን አልቆጠርኳቸውም።"

"ስንት ይሆናሉ?"

"አላውቅም።"

አቶ ምንውየለት ሰማዩን አዩ። ሜዳውን አዩ፤ ምንጣፍ የሚያራግፉትን ሴቶች፣ ሐጂ ሸምሱን፣ በእጃቸው ተጨማሪ ጥቅልል ይዘው የሚመጡትን እትዬ ራውዳን። ብዙ ቦታ ሲያስቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከኋላው አንድ ሰፈር ሙሉ የቆመለት ቆጣሪ ግን ያዩ አልመሰለኝም።

"ያንቺን ቁጥር ጻፊ" አሉ። "ለሰላምታው ደግሞ..." ጥቂት አሰቡ። በጣም ሲከብዳቸው አየሁ። "‘ብዙ’ ብለሽ ጻፊ። ለሚቀጥለው ዓመት እኔ ወንበር አልቀበልም።"

ለሚቀጥለው ዓመት አሉ። እንዲያ ነው ሥራዬ የጸናው።

እትዬ ራውዳም በዚያው ዕለት ዘመዱ እንደማይመጣ ነገሩኝ። መንገድ ተበላሽቶበት ነው አሉ። ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ግን እኔ ብቻ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ እልል እያለ ሲበተን፣ ከአጥሩ ማዶ ባሕር ዛፉ ላይ አንድ ጭልፊት ተቀምጦ ላባውን ያበጥር ነበር። ማክሰኞ የመጣው ነው። እሱ ከየትም አልመጣም፣ ወዴትም አይሄድም፤ ስለዚህ በእኔ ሥራ አይቆጠርም። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰማይ ላይ ስንጮህ እሱ አጠገባችን ሆኖ ይሰማን ነበር።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁና አጎበሬን ከአልጋዬ ላይ ፈታሁ። አወጣሁትና ከአጥሩ ዘንግ እስከ ኩሽናው ክዳን፣ ዶሮዋ የምትለቅምበትን ጥግ በሙሉ አለበስኩት። ጫፉን በድንጋይ ያዝኩ። መጀመሪያውኑ ማክሰኞ ላደርገው የምችለው ነገር ነበር፤ ግን ማን ጠይቆኝ? እኔስ ማንን ደፍሬ?

እትዬ ራውዳ ጥሬ ይዘው ወጡ። አጎበሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አንቺስ? ትንኝ ይብላሽ?"

"ግድ የለም፣ እትዬ። ዘሃራ ትውለድ።"

አንድ ነገር ሊሉ ፈለጉና ተዉት። ጥሬውን በአጎበሩ ሥር በተኑ። ጫጩቶቹ ግር ብለው መጡ። እትዬ ራውዳ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው ስለሚያማቸው ከሩቅ ሆነው፦

"እንዴት ናቸው? ይታዩሻል?" አሉኝ።

ታዩኝ። ዓይኔ ሳላዘው ቆጥሮ ጨርሷል፤ ከንፈሬም ሊንቀሳቀስ ነበር።

"ብዙ ናቸው" አልኩ። "ማሻአላህ።"

"ከሲታ!" አሉኝ፤ "ነይ ቁርስ ብዪ" ብለው ወደ ኩሽና ገቡ።

ልከተላቸው ስል ባሕር ዛፉን አየሁ። ጭልፊቱ እዚያው ነው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አጎበሩን ያጠናል። ሆዴን ያዝኩ። ዙሪያዬን አላየሁም፣ ጫማዬንም አላየሁም።

"አንድ!" አልኩት፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

ከኩሽናው ውስጥ፣ ከጢሱ መሐል፣ የእትዬ ራውዳ ድምፅ መለሰ፦

"ይሂድ!"